እማዬን ሰፈራችን ያለው ጣሊያን ቤት ልወስዳት ነው፤ ምን ላዝዝላት?

የልደታዋ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። የምኖረው ፊላደልፊያ ነው፤ ሳውዝ ፊሊ፣ ከ9ኛው ጎዳና የጣሊያን ገበያ ብዙም አልርቅም። እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ወር ሆናት፣ ልትመለስ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። እስካሁን የበላችው ወይ እኔ የሠራሁትን ነው፣ ወይ ዌስት ፊሊ ባልቲሞር አቬኑ ያሉት ሐበሻ ቤቶች የሠሩትን። ትናንት "አሜሪካ ድረስ መጥቼ እንጀራ በልቼ ልመለስ ነው?" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ቤታችን ጥግ ላይ አንድ ያረጀ የጣሊያን-አሜሪካኖች ሬስቶራንት አለ። ቀይና ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ግድግዳው ላይ ዘፋኙ ፍራንክ ሲናትራና ጳጳሱ ጎን ለጎን፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ሒሳብ የምትቀበል አሮጊት። በደጁ ባለፍን ቁጥር ሽታው እማዬን ያቆማታል። "ነጭ ሽንኩርት አበዙ" ትላለች፤ ግን ቆማ ታሸታለች።

ጭንቀቴ አሳማው ነው። እማዬ አሳማ የነካ ማንካ እንኳ አትነካም። ምናሌውን ኢንተርኔት ላይ አየሁት፣ ግማሹ አልገባኝም። ለአርብ ማታ 12 ሰዓት ቦታ ይዣለሁ። የምታውቁ እስቲ ምከሩኝ።

ጾመኛዋ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡26

እህቴ፣ አርብ? እናትሽን? አሳማውን ተይውና መጀመሪያ ቀኑን ተመልከቺ።

የልደታዋ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡31

ወይኔ ጉዴ! እዚህ አገር ሰው ቀን ይጠፋበታል። ቆይ ልደውል።

የልደታዋ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡44

ተዛወረ። እሑድ 10 ሰዓት። ስልኩን ያነሳችው አሮጊቷ ናት። "እሑድማ ይሻልሻል፣ ግሬቪ አለ" አለችኝ። ግሬቪ እኔ የማውቀው በታንክስጊቪንግ በዓል ተርኪ የሚሉት ትልቅ ዶሮ ላይ የሚፈሰውን ቡናማውን ነው። እሱ ነው?

ጋሽ ታክሲ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

ልጄ፣ ሰዓቱን ለእንግዶችሽ በፈረንጅ ንገሪ። እኔ የልጄን ምረቃ እንዲህ ዓይነት ቤት ደግሼ ለዘመድ ሁሉ "12 ሰዓት" ብዬ ደወልኩ። ግማሹ በእኩለ ቀን ደርሶ የተዘጋ በር ላይ ቆሟል። ከነዚያ ውስጥ አንደኛው የወንድሜ ሚስት ነበሩ። እስካሁን አልረሱልኝም።

ከወጥ ቤት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡50

ከአሮጊቷ ቃል ልጀምርልሽ፤ የምትፈሪው አሳማ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። እኔ ኒው ጀርሲ እንዲህ ዓይነት ቤት 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ሳህን ከማጠብ ተነስቼ ነው ምድጃ ላይ የደረስኩት።

ግሬቪ የሚሉት ቀዩን ስጎ ነው። ሳውዝ ፊሊና ጀርሲ ያሉ የጣሊያን ልጆች እንዲህ ይላሉ። ሌላ ቦታ ያሉት ደግሞ "ሶስ" ይላሉ፤ በዚህ ነገር እስኪኳረፉ ይከራከራሉ። እሑድ ጠዋት ትልቅ ድስት ይጣዳል። መጀመሪያ ሥጋው በዘይት ይጠበሳል፤ የአሳማ ጎድን፣ የአሳማ ቋሊማ፣ ብራቾሌ የሚሉት ተጠቅልሎ የታሰረ የበሬ ሥጋ። ሥጋው ይወጣና በዚያው ዘይት ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ የቆርቆሮ ቲማቲም። ሥጋው ተመልሶ ይገባና ለ4 ወይም ለ5 ሰዓት ሲንተከተክ ይውላል። እንደኛ ዶሮ ወጥ በይው፤ ችኮላ አይወድም።

ስለዚህ ቋሊማውን ባትበሉትም ስጎው ራሱ አሳማ ጠጥቷል። "ያለ ሥጋ አድርግልኝ" የሚል ሐበሻ ብዙ አይቻለሁ። አስተናጋጁ ቋሊማውን ያነሳና ያንኑ ስጎ ያፈስበታል። ክፋት አይደለም፤ እሱ የሰማው "ሥጋ አልፈልግም" የሚለውን ነው።

ማሪናራ ግን ሌላ ድስት ነው። ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ በሶብላ። በግማሽ ሰዓት ይደርሳል፣ ሥጋ አይገባበትም። ጥያቄሽ እንግዲህ አንድ ናት፦ "ይሄ ግሬቪ ነው ማሪናራ?" ይህችን ከጠየቅሽ አስተናጋጁ ራሱ ያከብርሻል።

ሚትቦል የሚሉት የሥጋ ድቡልቡል ላይ ተጠንቀቂ። ባህሉ የበሬ፣ የአሳማና የጥጃ ሥጋ እኩል ተፈጭቶ፣ በወተት ከራሰ ዳቦ፣ ከእንቁላል፣ ከፔኮሪኖ አይብና ከፐርስሊ ጋር ይለወሳል። በበሬ ብቻ የሚሠሩ ቤቶች አሉ። ግን ተጠብሶ የሚበስለው ያው ግሬቪው ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነን። ፓስታ ኤ ፋጆሊ የሚሉት የባቄላ ሾርባ ጾም ይመስላል፤ ፓንቼታ የሚሉት የአሳማ ሥጋ ሊኖርበት ይችላል። ካኖሊ ደግሞ ማንም የማይጠረጥረው ነው። በባህሉ የቅርፊቱ ሊጥ የሚታሸው በአሳማ ስብ ነው። ዛሬ በአትክልት ስብ የሚሠሩ ብዙ ናቸው። መጠየቅ ነውር የለውም።

ለእማማ ቺክን ፓርም እዘዢላቸው። ከማሪናራ ጋር። ኮተሌት ነው በአጭሩ። የዶሮ ሥጋ ተቀጥቅጦ ይሳሳል፣ በዱቄት፣ በእንቁላል፣ በዳቦ ፍርፋሪ ተለውሶ ይጠበሳል፤ ከዚያ ስጎና ሞዛሬላ ከላይ ተደርጎ ከላይ የሚያነድ ምድጃ ውስጥ አይቡ እስኪፈላ። ኮተሌት ያሳደገው የአዲስ አበባ ሰው አይደናገጥም።

ጾመኛዋ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡05

ከወጥ ቤት ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልን። ለኛስ? በጾም ቀን የሥራ ጓደኞቼ ሲጎትቱኝ?

ከወጥ ቤት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡17

ስፓጌቲ አሊዮ ኤ ኦሊዮ። ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ። "አይብ አይነስነስበት፣ ቅቤ አይጨመርበት" በይ፤ ማሪናራውንም ቢሆን ሲያወጡት በቅቤ የሚያለሰልሱ አሉ። ደረቁ ፓስታ ስንዴና ውሃ ነው፤ ትኩሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል አለበት። ኞኪም እንደዚያው። ጎን ለጎን ብሮኮሊ ራብ እዘዢ፣ መረር የሚል ጎመን ነው። ፊላደልፊያ ከሆንሽ ደግሞ ዳቦ ቤት ግቢና ቶሜቶ ፓይ ግዢ። ወፍራም ሊጥ ላይ የቲማቲም ስጎ ብቻ፣ ሳይሞቅ ነው የሚሸጠው። ከላይ አይብ ነስነስ የሚያደርጉበት ስላሉ ተመልከቺ። ሲዘር ሰላጣን እርሺው፤ እንቁላልም አይብም አንቾቪ የሚሉት ዓሣም አለበት።

ሮም የኖርኩ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይሄ ሁሉ የጣሊያን ምግብ አይደለም። 11 ዓመት ሮም ኖሬያለሁ። ሮም ቁጭ ብለህ ስፓጌቲ በሚትቦል ብታዝ አስተናጋጁ ወደ ቱሪስት መንደር ያሳይሃል። ፖልፔቴ፣ ማለት የነሱ ሚትቦል፣ ለብቻው ነው የሚበላው። ቺክን ፓርም የሚባል ነገር አላየሁም፤ ፓርሚጃና ያየሁት በደበርጃን ነው። ፌቱቺኒ አልፍሬዶ ሮም የተወለደ ነው፤ ግን ቅቤና ፓርሜዛን ብቻ፣ እዚህ የሚያፈሱበት የክሬም ጎርፍ የለም። ሲዘር ሰላጣ ደግሞ ጭራሽ ሜክሲኮ፣ ቲዋና ነው የተፈጠረው። እናትሽን ጣሊያን ቤት ወሰድኳት ብለሽ አትዋሻት።

ዝም ብዬ ነው · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡20

ፓስታ በእንጀራ ጠቅልለን የምንበላ ሰዎች ስለ ትክክለኛ ጣሊያን ባንሟገት ጥሩ ነው 😂

ብሮንክስ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡40

ሮም የኖርክ ወንድሜ፣ ያልከው ልክ ነው፣ ፍርድህ ግን ጠንከር ይላል። እኔ ከአርተር አቬኑ፣ ከብሮንክስ የጣሊያኖች ሰፈር፣ ሁለት ፌርማታ ነው የምኖረው። ማሪዮስ የሚባለው ሬስቶራንት እዚያ የተከፈተው 1919 እ.ኤ.አ. ነው። ዶሚኒክስ የሚባለው ደግሞ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ከማታውቀው ሰው ጋር ያስቀምጥሃል፣ ምናሌ የለም፤ አስተናጋጁ ያለውን በቃሉ ይነግርሃል። መጀመሪያ ቀን ሠርግ ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ።

ነገሩን ከሥሩ ካየኸው፣ እነዚህ ሰዎች ከሮም አልመጡም። እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1924 ድረስ ወደ 4 ሚሊዮን ጣሊያናዊ አሜሪካ ገብቷል። አብዛኛው የደቡብ ገበሬ ነው፤ ከኔፕልስ ዙሪያ፣ ከካላብሪያ፣ ከሲሲሊ። አገሩ ላይ ሥጋ የሚያየው በዓመት በዓል ነበር። እዚህ ሲመጣ የቀን ሠራተኛ ሆኖም ሥጋ መግዛት ቻለ። ታዲያ ምን ያድርግ? በደበርጃን ይሠራ የነበረውን በዶሮ ሠራው፣ በጥጃ ሠራው። ሚትቦሉን የቡጢ ያህል አደረገው። ሳህኑ ከጠረጴዛው ሊወድቅ የደረሰው ለዚህ ነው። እኛስ? አገር ቤት ለፋሲካ የሚታረድ ዶሮ እዚህ ማክሰኞ ማታ አይሠራም?

የምግቡ ስም ሲጠሩ ደግሞ ስማቸው። ሪኮታን "ሪጎት"፣ ሞዛሬላን "ሙዛሬል"፣ ካፒኮላን "ጋባጉል"። የጣሊያን አስተማሪ ቢሰማ ያለቅሳል። ግን የተሳሳቱ አይደሉም፣ የአያቶቻቸው የደቡብ አነጋገር ነው፤ መጨረሻውን ድምፅ ይውጠዋል። እዚያ ትምህርት ቤቱና ሬዲዮው ቋንቋውን ሲያስተካክለው እነዚህ ባሕር ማዶ ናቸው። በደርግ ጊዜ የወጣ አጎቴ አሁንም "ማኪና" ነው የሚለው።

ዝም ብዬ ነው · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡52

አያቴ አርበኛ ነበሩ። ጣሊያን ቤት ገብቼ ቲፕ ብሰጥ አጥንታቸው ይወጋኛል።

ብሮንክስ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡01

ሃሃ። ኒው ዮርክ ኢስት ሃርለም ያለው ራኦስ የሚባል የጣሊያን ቤት የተከፈተው 1896 እ.ኤ.አ. ነው። የአድዋ ዓመት ማለት ነው። 10 ጠረጴዛ ነው ያለው፣ ቦታ ማግኘት ደግሞ ቤተ መንግሥት ከመግባት ይከብዳል። ፊላደልፊያ ያለው ራልፍስ 1900 ነው። እነዚህማ የጣሊያኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ "ዝመቱ" ሲል መርከብ ተሳፍረው ወደዚህ የሸሹት ናቸው። ቲፑን ያለ ጸጸት ስጥ።

ሮም የኖርኩ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30

እሺ፣ እሱን ተቀብያለሁ። ክሬሙን ግን አልቀበልም።

አስተናጋጅ የነበርኩ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

ስለ ቲፕ ከተነሳ አንድ ነገር ልበል፣ ሐበሻ እዚህ ላይ ስለሚያሳፍረኝ። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ቲፕ ለሚቀበል አስተናጋጅ ባለቤቱ እንዲከፍል የሚገደደው በሰዓት 2 ዶላር ከ83 ሳንቲም ነው። ሌላው ከእናንተ ኪስ ነው የሚመጣው። 20 በመቶ አስቡ። ፊላደልፊያ ላይ ግብሩ 8 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ምናሌው ላይ ያያችሁት ዋጋ ላይ ሲሶ ሊጨመር ትንሽ ሲቀረው በሉ። ገብታችሁ ስታዩ እንዳትደነግጡ።

የልደታዋ፣ ቤቱ መጠጥ ይሸጥ እንደሆነ አጣሪ። ፊሊ ብዙ ትናንሽ ቤቶች የመጠጥ ፈቃድ የላቸውም፣ ፈቃዱ ውድ ነው። ወይናችሁን ይዛችሁ ትገባላችሁ፣ እነሱ ከፍተው ብርጭቆ ያቀርባሉ። ሐበሻ ይህንን አያውቅም፤ ከውጪ ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው የሚለውን ግድግዳ ላይ እያነበብን ነው ያደግነው።

ሌላው፣ ጥሬ ገንዘብ ያዢ። ካርድ የማይቀበሉ አሉ።

ከአዲስ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡40

እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ነው የማነበው። ምራቄን እየዋጥኩ ነው። ለመሆኑ እዚያ ስጎው በርበሬ የለውም?

ከወጥ ቤት · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡05

የለውም። ሚጥሚጣ የሚመስል የደረቀ ቃሪያ ስብርባሪ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣሉ። በጠርሙስ። እኔ የቤቴን በርበሬ ኪሴ ይዤ እሠራ ነበር፤ ለሠራተኛ ምሳ ግሬቪው ላይ በተንኩበት። ሼፉ አንድ ቀን ቀመሰና ምንም ሳይል ማንኪያውን አስቀመጠ። በሳምንቱ "ያቺ ቀይ ዱቄት አለችህ?" አለኝ።

ጋሽ ታክሲ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡20

ነገ ነው አይደል ልጄ? መኪና እንዳትይዢ። እዚያ ሰፈር እሑድ ማቆሚያ የለም፤ ሰው መሃል መንገድ ላይ ነው የሚያቆመው፣ ፖሊሱም ዝም ነው የሚለው። ለእንግዳ ግን አይሆንም። በእግር ሂዱ።

የልደታዋ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡30

ሄድን! በዝርዝር ልንገራችሁ፣ አደራ ስላላችሁብኝ።

እማዬ ነጠላዋን ለብሳ ነው የሄደችው። ገና እንደገባን አሮጊቷ ከወንበሯ ተነሳች። ለኔ ተነስታ አታውቅም። የእማዬን እጅ በሁለት እጇ ያዘችና የማእዘኑን ጠረጴዛ ሰጠችን፤ ከሲናትራው ሥር ሳይሆን ከጳጳሱ ሥር።

መጀመሪያ ዳቦ መጣ። በቅርጫት፣ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ሰሊጥ ያለበት። እማዬ ከፈት አድርጋ አየችና "ስንት ነው?" አለች። በነጻ ነው አልኳት። "በነጻ ከሆነ ሌላው ላይ ጨምረውታል" ብላ ሁለት ቁራሽ በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ከተተች። አስተናጋጁ አየ። ሽበታም ነው፣ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቷል። ምንም ሳይል ሌላ ቅርጫት አመጣ።

ጥያቄዋን ጠየቅኩ። "ይሄ ግሬቪ ነው ማሪናራ?" ከወጥ ቤት፣ ያልከው አልቀረም፤ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ። አሳማ እንደማንበላ ነገርኩት። ሚትቦሉንም፣ ግሬቪውንም፣ ካኖሊውንም ራሱ ሰረዘልን። የካኖሊውን ቅርፊት ከየት እንደሚያመጡት ስለማያውቅ ይቅርባችሁ አለኝ። ወደድኩት።

ቺክን ፓርሙ መጣ። ከሳህኑ ይበልጣል። ጎኑ ላይ ስፓጌቲ ተከምሯል። እማዬ "የስንት ሰው ነው?" አለች። ያንቺ ብቻ ነው ስላት አካባቢውን ቃኘች፤ ሌላ ሰው መቅረብ አለበት ብላ። ሹካዋን ወጋ አድርጋ ስታነሳ አይቡ እየተሳበ ተከተላት። ከፍ አደረገችው፣ አይቡም ከፍ አለ። በመጨረሻ ዘወር ብላ በጣቷ በጠሰችው። ቀመሰች። "ኮተሌት ነው እኮ!" አለች፣ እንዳታለልኳት ሁሉ። "ብሔራዊ አካባቢ አባትሽ ይጋብዘኝ የነበረው ነው። ላዩን ቀቡት እንጂ።"

ስፓጌቲው ላይ ግን ተያዝን። አንድ ጉርሻ አላመጠች፣ ቆመች። "ልጄ፣ ቸኩለዋል" አለች። እንደዚህ ነው የሚበላው፣ ጠንከር ብሎ ነው አልኳት። "ጥሬ ነገር ነው የሚበላው?" አለች። አስተናጋጁ ሳይጠየቅ ገባው፣ ሳህኑን አነሳና ለስልሶ ተመለሰ። ሮም የኖርክ፣ ይህንን አንብበህ እንዳትታመም።

ስጎውን ደግሞ በዳቦ እያጠቀሰች መረመረችው። "ሽንኩርቱ የታለ?" አለች። የለውም መሰለኝ አልኳት። "ያለ ሽንኩርት ስጎ?" ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ፣ "ግን ይጣፍጣል" አለች። እንደ መሸነፍ ነው ያለችው።

መጨረሻ ላይ አሮጊቷ መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች። እናትሽ ወደደችው ወይ አለችኝ። እማዬ ሳልተረጉምላት ገባት፤ ሳህኑን እያሳየች "ስጎው ጥሩ ነው፣ ስጎው" አለች። አሮጊቷ ፊቷ ተለወጠ። ምን አለች አለችኝ። ስጎ ነው ያለችው፣ እኛ አገር እንዲህ ነው የምንለው አልኳት። "አያቴ ነበረች እንዲህ የምትለው። እናቴ እንኳ አትለውም፣ እኛ ግሬቪ ነው የምንለው" አለች። እማዬ ምን አለች ትለኛለች፣ አሮጊቷ ምን አለች ትለኛለች፣ መሃል ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ሒሳቡ ለሁለታችን ከነቲፑ 78 ዶላር። ግማሹን አስቋጥረን ነው የወጣነው።

ጉዱ አሁን ነው። በሩ ላይ ስንደርስ አሮጊቷ ወደ ውስጥ ገባችና አንድ ትልቅ የላስቲክ ዕቃ ይዛ ወጣች። ሙቅ ነው። ለእማዬ ሰጠቻት፣ ጉንጯን ሳመቻት። ቤት ስንደርስ ከፈትኩት። ግሬቪ። የአሳማ ጎድኑ ብቅ ብሎ ይታያል።

አሁን ፍሪጅ ውስጥ ነው። እማዬ "ስጦታ አይጣልም" ትላለች። ፍሪጁንም አትከፍትም። ምን ይሻላል?

ዝም ብዬ ነው · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡41

አድራሻሽን ላኪልኝ።

ጾመኛዋ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡55

አትመልሺላት። ሴትዮዋ ታዝናለች። ለሚበላ ጎረቤት ስጪ። ዕቃውን ግን አጥበሽ የሆነ ነገር አድርገሽበት መልሺ፣ ባዶ ዕቃ አይመለስም።

አስተናጋጅ የነበርኩ · ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡10

አስተናጋጁ አሳማ እንደማትበሉ አውቆ አሮጊቷ አለማወቋ... እንዲህ ነው። አዳራሹና ወጥ ቤቱ አይነጋገሩም። የትም ቤት።

ከወጥ ቤት · ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡00

አይነጋገሩም። እመሰክራለሁ። ለጎረቤት ስጪው፤ በዛሬና ነገ ካልተበላ ደግሞ በረዶ ቤት አስገቢው። ሦስት ወር አይነካውም።

ስለ ሽንኩርቱ ለእማማ ንገሪልኝ። የኛ ስጎ ሽንኩርት ቁሌት ስለሆነ ነው የሚጎድልባቸው። የወጥ አሠራር ነው ፓስታው ላይ ያስገባነው። በነሱ ማሪናራ ነጭ ሽንኩርቱ ራሱ እንዳይጠቁር ነው የሚፈሩት። ብዙዎቹ ሽንኩርት አይጨምሩም፣ የሚጨምሩም አሉ። ቤተሰብ ለቤተሰብ ይለያያል።

ብሮንክስ · ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡22

ከሁሉም ያቺ ከጳጳሱ ሥር ያስቀመጠቻችሁ ነገር። ነጠላዋን አይታ ነው።

ሮም የኖርኩ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡05

ፓስታውን መልሰው ቀቀሉት?! በሉ ደህና እደሩ።

የልደታዋ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡40

የመጨረሻውን ልንገራችሁና ወሬው ይዘጋ። ግሬቪውን ከላይ ላለችው ጎረቤቴ ሰጠኋት። ሜክሲኳዊት ናት፣ ከፑዌብላ። እዚህ ሰፈር አሁን ግማሹ ከዚያ የመጣ ነው። በጣም ደስ አላት፤ ልጆቿ በአንድ ማታ ጨረሱት።

ዛሬ ማታ በሩ ተንኳኳ። የአሮጊቷ ዕቃ ታጥቦ መጥቷል። ባዶውን አይደለም፤ በበቆሎ ልባስ የተጠቀለለ፣ እንፋሎቱ ገና የሚወጣ ስድስት ነገር ሞልታበታለች። ተማሌ ይባላል አለች። ባቄላና አይብ ብቻ ነው፣ ሥጋ የለውም አለችኝ። እማዬ "አየሽ? ይህች ናት ሰው ማለት" ብላ ቡና አፍልታ አንዱን እየፈታች ነው።

ከወጥ ቤት ወንድሜ፣ ካለህ ቶሎ በል። ሊጡ በምንድነው የሚታሸው?

ከወጥ ቤት · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡43

አስቁሚያቸው።